የመጨረሻው ቃል ብቻ ለምን ትክክል ሆነ?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ወንድሜ ፍርድ ቤት አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለው። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻና አቤቱታ ሲጽፍ ይውላል። ደንበኛው አጠገቡ ቆሞ ስለሚያጣድፈው ፊደል ይገድፋል። ግድፈቱ የሚታየው ደግሞ ወረቀቱ ታትሞ ከተፈረመ በኋላ ነው። እናም በሲ ቋንቋ ትንሽ የአማርኛ ስፔል ቼከር ልሥራለት ብዬ ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ ለእንግሊዝኛ የሠራነው በደንብ ይሠራ ነበር። ያኔ ቃላቱን ከፋይል ያነበብነው ቃል በቃል በሚያነበው በኤፍስካንኤፍ ነው፤ አሁን መስመር በመስመር ወደሚያነበው ኤፍጌትስ ቀይሬዋለሁ።

ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። የቃላት ፋይሌ ውስጥ አመልካች፣ ተጠሪ፣ ውሳኔ፣ ይግባኝ፣ ማስረጃ የሚሉ ቃላት አሉ፤ በየመስመሩ አንድ አንድ። ፕሮግራሙ ግን ከ«ማስረጃ» በቀር ሁሉንም «ስህተት» ይላል። ቀጥሎ መስመሩን ወደ ቃላት የሚቆርጠው ስትርቶክ በአራት ነጥብና በነጠላ ሰረዝም እንዲቆርጥ ሳደርግ ቃሎቹ ተበጣጥሰው የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ጥቁር አልማዞች ወጡ። በመጨረሻ የክፍል ሥራችንን ሀሽ ቴብል (ቃላትን በየሳጥኑ የሚያከፋፍል ማከማቻ) ሳስገባ «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ቆመ። ጓደኞቼ «ሲ ለአማርኛ አይሆንም፣ ተይው» ይሉኛል። እውነት ነው? ደግሞስ «ፀሐይ»ን በ«ጸ» የጻፈ ሰው ተሳስቷል ይባላል?

*ከባሕር ዳር*

መልስ

ልጄ፣ አትተዪው። ሲ ለአማርኛ ይሆናል። ሦስቱም ችግሮችሽ የሚታወቁና የሚፈቱ ናቸው። ግን አንድ ላይ አትንኪያቸው። ሀሽ ቴብሉንና ሥርዓተ ነጥቡን ለጊዜው አውጪና ወደ መጀመሪያው፣ በባዶ ቦታ ብቻ ወደሚቆርጠው ፕሮግራምሽ ተመለሺ።

ኮድሽን ስላልላክሽልኝ ከምልክቱ ልነሳ። «የመጨረሻው ቃል ብቻ ይሠራል» የሚለው ምልክት ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላል። የትኛው እንደሆነ በመገመት ጊዜሽን አታባክኚ። ፋይሉን አንብበሽ እንደጨረስሽ ዝርዝሩን በሉፕ አሳትሚ። እያንዳንዱን ቃል በቅንፍ ውስጥ አድርጊው፤ ከጎኑ ስትርሌን የሚሰጥሽን የባይት ርዝመት ጨምሪ። የማታ ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሜ የማስለምዳቸው ይህችን ቅንፍ ነው። ዓይን የማያየውን ታሳያለችና።

አምስቱም መስመር ላይ «ማስረጃ» ከወጣ፣ ችግሩ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ነው። ኤፍጌትስ ያነበበበትን አንዱን አሬይ ራሱን በዝርዝሩ ውስጥ አስቀምጠሻል ማለት ነው። አሬይ ስትመድቢ በሲ የሚቀመጠው አድራሻው እንጂ ቃሉ አይደለም። አምስቱም አድራሻ አንድ ቦታ ያመለክታል፤ እዚያ ቦታ ላይ የቀረው ደግሞ መጨረሻ የተነበበው ቃል ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቃል በማሎክ የራሱን ቦታ መስጠትና ቃሉን እዚያ መቅዳት ነው። ቦታውን ስትጠይቂ ርዝመቱ ላይ አንድ መጨመርሽን አትርሺ። በሲ የእያንዳንዱን ቃል መጨረሻ ለሚያመለክተው ለመዝጊያው ዜሮ ነው።

ቃሎቹ በትክክል ወጥተው የመዝጊያው ቅንፍ ግን ወደሚቀጥለው መስመር ከወረደ፣ ጥፋቱ ሌላ ነው። ኤፍጌትስ የመስመር መጨረሻውን ምልክት፣ ማለትም ባይት 10ን፣ ከቃሉ ጋር ይዞት ይመጣል። ኤፍስካንኤፍ ይህን ስለማያደርግ ነው የክፍል ሥራችሁ የሠራው። ፋይልሽ ውስጥ ከ«ማስረጃ» በኋላ ኢንተር ሳትመቺ ካስቀመጥሽው ደግሞ፣ ንጹሕ ሆኖ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ካነበብሽ በኋላ የመጨረሻው ባይት 10 ከሆነ በዜሮ ተኪው። ፋይሉ ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ተጽፎ ከሆነ ከ10 በፊት 13ም ይኖራል፤ እሱንም አንሺው። የምታርሚውን ጽሑፍ ስታነቢም ይኸንኑ አድርጊ። አለበለዚያ የእያንዳንዱ መስመር የመጨረሻ ቃል ስህተት ተብሎ ይወጣል።

ርዝመቱን ያሳተምሽው እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። የተለመዱት የአማርኛ ፊደሎች በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደልን በባይት በሚጽፈው አሠራር፣ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። «ማስረጃ» አራት ፊደል ነው፤ ርዝመቱ 12 መሆን አለበት። 13 ካየሽ አንድ ነገር ተጣብቋል፤ 14 ካየሽ ሁለት። ለ3 የማይካፈል ርዝመት ሁሉ ጠቋሚ ነው። ከዚህ ፈተና የሚያመልጥ አንድ ጉድ አለ። አንዳንድ ኤዲተሮች ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239፣ 187፣ 191 የሚሉ ሦስት የማይታዩ ባይቶች ይጨምራሉ። ስለዚህ ሁሉም ተስተካክሎ «አመልካች» ብቻ እምቢ ካለሽ ርዝመቱን ተመልከቺ። 15 መሆን ሲገባው 18 ከሆነ እነዚያን ሦስቱን ዝለያቸው።

አሁን ወደ አልማዞቹ። ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሥሪት 3.0 ነው። ከ«ሀ» ጀምሮ ያለው ዋናው ክፍል በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ፣ የሁሉም ፊደል የመጀመሪያ ባይት 225 ነው። ያለ ልዩነት፣ ሁሉም። «ማ» 225፣ 136፣ 155 ነው። አራት ነጥብ 225፣ 141፣ 162 ነው። ስትርቶክ ደግሞ መቁረጫ አድርገሽ የሰጠሽውን «።» እንደ አንድ ምልክት አያየውም። እያንዳንዱን ባይት ለየብቻው መቁረጫ ያደርገዋል። 225 ባየ ቁጥር ይቆርጣል ማለት ነው። ስለዚህ የወንድምሽን ማመልከቻ ፊደል በፊደል አረደው። አልማዙ የሚመጣው ቴርሚናልሽ የተረፉትን ቁርጥራጮች ማንበብ ሲያቅተው ነው።

መፍትሔው አያስቸግርም። ስትርቶክን ከመጥራትሽ በፊት መስመሩን ባይት በባይት እለፊበት። 225 ቀጥሎ 141፣ ቀጥሎ ደግሞ ከ160 እስከ 168 ያለ ባይት ካገኘሽ ሥርዓተ ነጥብ ነው። ሁለት ነጥብም፣ ነጠላ ሰረዝም፣ ድርብ ሰረዝም እዚያ ውስጥ ናቸው። ሦስቱን ባይቶች በሦስት ባዶ ቦታ ተኪያቸው። ባይቶቹን አሉታዊ ቁጥር በማይይዘው በአንሳይንድ ቻር ማንበብሽን አረጋግጪ፤ አለዚያ 225 ብለሽ ያወዳደርሽው መቼም እውነት አይሆንም። ከዚያ ስትርቶክን በባዶ ቦታ፣ በእንግሊዝኛው ነጥብ፣ በኮማና በኮለን ብቻ ቁረጥ በዪው። እነዚህ አደጋ የላቸውም። ዩቲኤፍ-8ን እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉት ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ፣ ከአንድ ባይት በላይ በሚይዝ ፊደል ውስጥ ከ128 በታች የሆነ ባይት ፈጽሞ እንዳይገባ አድርገው ነው የሠሩት። ሁለት ቃል የሚያወዳድረው ስትርኮምፕ ለአማርኛ ያለምንም ለውጥ የሚሠራውም ዩቲኤፍ-8 ለድሮው የሲ አሠራር እንዲመች ስለተነደፈ ነው።

ኮለንን የጨመርኩት በምክንያት ነው። በጽሕፈት ቤቶች አራት ነጥብን ሁለት ኮለን አድርጎ መጻፍ የተለመደ ነው። እዝባርን (/) ግን መቁረጫ አታድርጊው። በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ፍ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ መ/ቁ የሚሉት በየመስመሩ አሉ። እንዳሉ ቃላት ዝርዝርሽ ውስጥ አስገቢያቸው። የወንድምሽ የቆዩ ፋይሎች በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ከሆኑ ደግሞ ፕሮግራምሽ አይረዳቸውም። እነሱ ዩኒኮድ አይደሉም፤ በፊት ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው።

ሀሽ ቴብሉ ለምን እንደቆመ አሁን ራስሽ ሳትደርሺበት አትቀሪም። የክፍል ሥራችሁ፣ እንደምገምተው፣ ከቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ላይ የእንግሊዝኛዋን ትንሿን ኤ ቀንሶ ከ26 ሳጥን አንዱን ይመርጣል። ኤ 97 ናት። በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ተራ ቻር አሉታዊ ቁጥርም ስለሚይዝ 225 የሚነበበው -31 ተብሎ ነው። ከዚያ ላይ 97 ሲቀነስ -128 ይሆናል። ከአሬይሽ በፊት ያለ፣ ያንቺ ያልሆነ ሜሞሪ ነካሽ። እንኳን ቆመ! ዝም ብሎ ቢቀጥል ኖሮ የሚከፋው እሱ ነበር። ኮምፓይል ስታደርጊ -g ጨምሪና የጂሲሲ ኮምፓይለርን የሜሞሪ ስህተት አዳኝ፣ አድረስ ሳኒታይዘርን፣ አብሪው፤ የተሳሳተውን መስመር ቁጥር ይነግርሻል።

አንሳይንድ ቻር ማድረግ ብቻውን ግን አያድንሽም። 225 ሲቀነስ 97 የሚሆነው 128 ነው፤ እሱም ከ26 ውጭ ነው። ሳጥኑን 256 ብታደርጊውም ሁሉም ቃል 225 ላይ ስለሚጀምር አንዱ ሳጥን ሞልቶ የቀረው ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ባይት እንኳ የሚለዋወጠው ከ136 እስከ 141 ብቻ ነው። ስለዚህ የቃሉን ባይቶች በሙሉ ተጠቀሚ። ከ5381 ተነሺ፤ በእያንዳንዱ ባይት ላይ ያለሽን ቁጥር በ33 አባዢና ባይቱን ደምሪበት፤ በመጨረሻ ለሳጥኑ ብዛት አካፍለሽ ቀሪውን ውሰጂ። የዳን በርንስታይን ዘዴ ነው። የሳጥኑን ብዛት 10,007 አድርጊው።

ስለ «ፀሐይ» የጠየቅሽው ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ጥያቄ ነው። እኔ ስህተት አልለውም። አማርኛ አንባቢ ሁለቱንም ያነባል፤ ፕሮግራምሽም ሁለቱንም መቀበል አለበት። ለዚህ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ዩኒኮድ ቁጥሩ ቀይሪው። ከመጀመሪያው ባይት 224 ቀንሰሽ በ4096 አባዢ፤ ከሁለተኛው 128 ቀንሰሽ በ64 አባዢ፤ ከሦስተኛው 128 ቀንሺ፤ ሦስቱን ደምሪ። «ማ» 4635 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው መቀነስ ነው። ከ«ሐ» ረድፍ 16 ስትቀንሺ «ሀ»፣ ከ«ኀ» 128 ስትቀንሺ እንደገና «ሀ»፣ ከ«ዐ» 48 ስትቀንሺ «አ»፣ ከ«ፀ» 8 ስትቀንሺ «ጸ» ታገኛለሽ። «ሠ» ላይ ግን 16 ትጨምሪያለሽ፤ «ሰ» ከእሱ በኋላ ነውና። አንድ ወጥመድ አለ። «ዓመት» ላይ 48 ስትቀንሺ «ኣመት» እንጂ «አመት» አይሆንም። ስለዚህ «ኣ»ን ወደ «አ»፣ «ሃ»ን ወደ «ሀ» መመለስ አለብሽ። ይህን ለውጥ ዝርዝሩም ላይ ጽሑፉም ላይ አድርጊ። ለንጽጽር ብቻ ይሁን፤ ሰውየው የጻፈውን ፊደል አትንኪበት።

ሰውየው የጻፈውን እንዳለ ስትይዢ ወንድምሽን የሚያድን ሌላ ነገር ታገኛለሽ። በአንድ ማመልከቻ ውስጥ አንድ ቃል በሁለት ዓይነት ፊደል ከተጻፈ፣ ያኔ ፕሮግራምሽ ይጩኽ። በተለይ ስም ላይ። የአመልካቿ ስም ገጽ አንድ ላይ በ«ፀ»፣ ገጽ ሦስት ላይ በ«ጸ» ሆኖ መታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ «ይህቺ ሌላ ሰው ናት» የሚል ክርክር ሊነሳባት ይችላል። ወንድምሽን የምታግዢው ምናልባት ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

አንቺ ያልጠየቅሽኝ፣ ግን ነገ የሚገጥምሽ፣ የ«የአመልካች»፣ «ለአመልካች»፣ «ከአመልካቿ» ጉዳይ አለ። ሁሉንም ቅርጽ ዝርዝር ውስጥ ጽፈሽ አትጨርሺውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቤል ላብስ ውስጥ ዳግ ማክኢልሮይ ለዩኒክስ ስፔል ቼከር ሲሠራ ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር። 30,000 ያህል ቃል እዚያ ውስጥ ያስገባው ቅጥያዎችን እየነቀለ ሥሩን ብቻ በመያዝና በብልሃት በማመቅ ነው። አንቺም ከአራቱ ጀምሪ፤ የ፣ ለ፣ በ፣ ከ። መጀመሪያ ቃሉን እንዳለ ፈልጊው፤ ካልተገኘ ብቻ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ባይቶች ዘለሽ ቀሪውን ፈልጊ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥሽው «በረዶ»ም «ከበሮ»ም አላስፈላጊ ችግር ይፈጥሩብሻል። ከኋላ የሚመጡት ቅጥያዎች፣ እነ «ኦች»ና «ዋ»፣ የፊደሉን ቅርጽ ስለሚለውጡ ሌላ ሥራ ይጠይቃሉ። እስከዚህ ያለውን ሠርተሽ በአንድ እውነተኛ ማመልከቻ ላይ ሞክሪውና፣ የባለጉዳዩን ስም አጥፍተሽ፣ «ስህተት» ያላቸውን ቃላት ዝርዝር ከነኮድሽ ላኪልኝ። በሚቀጥለው እትም ከእነሱ እንቀጥላለን።