ሴራሚኩ ከመሰበሩ በፊት፦ ሌሊቱን የሚንሿሿ ሽንት ቤትና የረጠበ የጎረቤት ጣሪያ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሽንት ቤታችን የውሃ ሳጥን ሌሊቱን ሙሉ ሲንሿሿ ያድራል፤ የውሃ ሒሳባችንም ጨምሯል። በዚያ ላይ ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤቶች «የመታጠቢያ ቤታችን ጣሪያ እየረጠበ ነው» ብለው መጡ። የጠራሁት የቧንቧ ሠራተኛ ምንም ሳይፈታ ቆሞ አየና «ሴራሚኩ ተሰብሮ ቧንቧው በሙሉ መቀየር አለበት» አለኝ። የክፍያውን ግማሽ በቅድሚያ ይፈልጋል። ልስማማ?

መልስ፦ ገና አይስማሙ። ሠራተኛው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቆሞ በማየት ብቻ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ደግሞም የጻፉልን ሁለት ችግር ነው። ከሳጥኑ የሚያመልጠው ውሃ ወደ መቀመጫው ወርዶ በፍሳሽ መስመሩ ይሄዳል፤ መስመሩ ጤነኛ ከሆነ የጎረቤት ጣሪያ አያረጥብም። ስለዚህ ለየብቻ ይፈተሹ።

የሳጥኑን ክዳን ያንሱ። መሐል ላይ የቆመው ቱቦ የትርፍ ውሃ መውረጃ ነው። ውሃው ከቱቦው አፍ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። አፉ ድረስ ሞልቶ ወደ ውስጥ የሚፈስ ከሆነ ጥፋቱ የማስገቢያው ቫልቭ ነው። ተንሳፋፊውን በእጅዎ ወደ ላይ ገፋ ያድርጉት። ውሃው ቀጥ ካለ ማስተካከያ ብሎኑን አዙሮ ተንሳፋፊውን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ካላቆመ ግን ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ተቀርቅሯል ወይም ጎማው አልቋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጀመሪያው በብዛት ያጋጥማል፤ መስመሩ ባዶውን ሰንብቶ ውሃ ሲለቀቅ ዝገትና ደለል እየገፋ ይመጣል።

ግድግዳው ላይ ያለውን መዝጊያ ይዝጉ፣ ሳጥኑን ያፍስሱ፣ የቫልቩን ክዳን ፈትተው ጎማዋን ይጠቡ። መልሰው ከመግጠምዎ በፊት ብርጭቆ በቫልቩ አፍ ላይ ደፍተው ይያዙና መዝጊያውን ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ይክፈቱት። የቀረው ደለል ተገፍቶ ይወጣል፤ ብርጭቆው ውሃው ጣሪያ ድረስ እንዳይረጭ ይይዝልዎታል። ይህን ሳያደርጉ ጎማ ብቻ አጥቦ መግጠም በማግስቱ ያንኑ ድምፅ መስማት ነው።

ውሃው በልኩ ቆሞም ሳጥኑ በየተወሰነ ጊዜ ሽው እያለ የሚሞላ ከሆነ ከሥር እያሳለፈ ነው። አንድ ሲኒ የቀይ ሥር ጭማቂ ሳጥኑ ውስጥ ጨምረው 20 ደቂቃ ማንም ሳይጠቀም ይቆይ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ የማፍሰሻው ጎማ አልቋል ወይም ጨው ይዞታል። ባለ ሁለት ቁልፍ ሳጥን ከሆነ መሐለኛው ግንድ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግራ ሩብ ዙር ሲዞር ይወጣል፤ ከሥሩ የጎማ ቀለበት ያገኛሉ። ጨው ከሆነ ማጠብ ይበቃዋል። ጎማው ከደረቀ ወይም ጠርዙ ከተበላ ይቀየራል። ሱቅ ሲሄዱ የድሮውን ይዘው ይሂዱ፤ ልኩ እንደ ሳጥኑ ይለያያል፣ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው አይሆንም።

ሳጥኑ ራሱ እንዲነሣ የሚያስገድድ ነገር ካለ፣ ሲመለስ ከመቀመጫው ጋር የሚያያይዙት ሁለቱ ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ እየተፈራረቁ መጥበቅ አለባቸው። አንዱን በኪያቬ እስከ ጫፍ ማጥበቅ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል።

ይህን ያህል የምንጨነቅበት ምክንያት አለ። በደቂቃ ሩብ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ያህል፣ ቢያመልጥ በቀን 360 ሊትር፣ በወር ከ10 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ይጨምራል።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ጣሪያ። ግፊት ያለበት የንጹሕ ውሃ ቧንቧ ከተቀደደ ቀንና ሌሊት ያንጠባጥባል። የፍሳሽ ቱቦ የሚያንጠባጥበው ውሃ ሲወርድበት ብቻ ነው። ሴራሚኩ ወይም ከሥሩ ያለው ውሃ መከላከያ ከሆነ ደግሞ ገላ ሲታጠቡ ይብሳል። እነዚህን ሳይለዩ መስበር ቁማር ነው።

መጀመሪያ የሽንት ቤቱንም መዝጊያ ጨምሮ በቤት ውስጥ ውሃ የሚቀዳባቸውን ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሰው ይዩ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ንጹሕ ውሃ እየፈሰሰ ነው። ቤቱ የሚጠጣው ከሮቶ ከሆነ ግን ቆጣሪው ያታልላል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው ወደ ሮቶው የሚገባውን እንጂ ከሮቶው በኋላ የሚፈሰውን አይደለም። ያን ጊዜ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ዘግተው የውሃውን ከፍታ ምልክት ያድርጉ።

ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ወለሉን ይፈትሹ። ለጎረቤትዎ ነግረው፣ የወለሉን ማፍሰሻ በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ደፍነው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያቁሙ፤ ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ያሳድሩት። ውሃው ጎድሎ ታች ከረጠበ ችግሩ የሴራሚኩ መገጣጠሚያ፣ የማፍሰሻው ዙሪያ ወይም ውሃ መከላከያው ነው፤ ቧንቧ መቀየር ምንም አይፈይድም። ወለሉ ውሃውን ከያዘ ሻወሩን ትተው ሽንት ቤቱን ብቻ አሥር ጊዜ ያህል ያፍስሱ፣ ጎረቤትዎ ከታች ይዩ። ያኔ ካንጠባጠበ መቀመጫው ከ110 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይጠረጠራል። እዚያ በጎማ ፈንታ ስሚንቶ የሚሞሉ ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ መቀመጫው ትንሽ በተነቃነቀ ቁጥር ስሚንቶው ይሰነጠቃል። ይህ መቀመጫውን አንሥቶ የጎማ ማያያዣ በመግጠም የሚስተካከል ነው። ደግሞም በብዙ ፎቆች የእርስዎ ፍሳሽ ቱቦ የሚያልፈው በጎረቤትዎ ጣሪያ ሥር ነው፤ እንዲያ ከሆነ የእርስዎ ሴራሚክ ሳይነካ ከታች ይጠገናል።

የፈተሹትን ይዘው ሠራተኛ ያነጋግሩ፤ ያንኑ ሰውም ሊሆን ይችላል። «ከየት እንደሚፈስ እንዴት አወቅህ?» ብለው ይጠይቁት። የማይመልስ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። የእጅ ዋጋውና የዕቃው ዋጋ ተለይቶ፣ የዕቃው ዓይነትና ልክ በወረቀት ይጻፍ። ቀብድ ከሰጡ ለዕቃ ብቻ ይሁን፤ የሚሻለው ግን አብረው ሄደው በደረሰኝ መግዛት ነው።

የንጹሕ ውሃ ቧንቧው በእርግጥ የሚቀየር ከሆነ አበያየዱን ቆመው ይዩ። 20 ሚሊ ሜትር የፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ ፕላስቲክ) ቧንቧ 260 ዲግሪ በሞቀ ማሽን 5 ሰከንድ ያህል ይሞቅና ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል። ከዚያ በላይ ከቆየ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ያብጥና ውሃው ይቀጥናል። ስሚንቶ ከመለበጡ በፊት በግፊት ፓምፕ ይፈተሽ፤ ቢያንስ ግን ውሃው ተለቆ ይደር፤ ጠዋት እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይነካ። ሶፍቱ ከረጠበ ቀሪው ክፍያ ይቆያል። ሜትር ዘርግተው መስመሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ ወደፊት መስታወት የሚሰቅል ሰው ቧንቧውን እንዳይበሳው ይጠቅማል።

ሴራሚኩን የሚመልሰው ማን እንደሆነም አስቀድመው ይስማሙ፤ የቧንቧ ሠራተኛው ላይሆን ይችላል። መዶሻ ከመነሣቱ በፊት የሴራሚኩን ፎቶና ልክ ይዘው ገበያ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ከሌለ የሚሰበረው መስመር ከመቀመጫው ጀርባ ወይም ከበሩ ኋላ እንዲሆን ሠራተኛውን ይጠይቁት።