በጨጓራ ካንሰር ቲሹ ላይ የፔፕታይድ ሆርሞን ሪሴፕተር ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቀዶ ጥገና የወጣ የጨጓራ ዕጢ ፈጭተን የጋስትሪን ሪሴፕተር (ሲሲኬ2፤ ጋስትሪን የተባለውን የጨጓራ ሆርሞን የሚይዝ የሴል ፕሮቲን) ለካን፤ ብዙ ሆነ። የካንሰሩ ነው?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይታወቅም። አሲድ የሚያመነጩት ፓራይታል ሴሎችና ሂስታሚን የሚለቁት ኢሲኤል ሴሎች ጤነኛ ሆነውም ሲሲኬ2 አላቸው። ለሌሎቹ የሆርሞን ሪሴፕተሮችም እንዲሁ ነው፦ የቪፓክ2 (ቪአይፒ የተባለው ፔፕታይድ ሪሴፕተር) ምልክት ከጡንቻው፣ የሶማቶስታቲን ሪሴፕተሩ ከሊምፍ ፎሊክል (የመከላከያ ሴሎች ክምችት) ሊመጣ ይችላል። ሄሊኮባክተር የተባለው ባክቴሪያ ያለበት ጨጓራ ደግሞ ፎሊክል ይበዛበታል። ቲሹው ከተፈጨ ይህ ሁሉ ይደባለቃል። ስለዚህ አትፍጩት፤ ቁረጡት።

ጥያቄ፦ እንዴት?

መልስ፦ ናሙናው እንደወጣ በፍጥነት አቀዝቅዛችሁ በ-80 ዲግሪ አስቀምጡ። በክራዮስታት (የቀዘቀዘ ቲሹ መቁረጫ መሣሪያ) ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ውፍረት ያላቸው ተከታታይ ቁራጮች አውጡ። አንዱ ሴሎቹን ለመለየት በሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ይቀለማል። ሁለተኛው በጨረር አመንጪው አዮዲን 125 ምልክት የተደረገበትን ፔፕታይድ ብቻ ያገኛል። ሦስተኛው በዚያው ላይ 1 ማይክሮሞላር ምልክት አልባ ፔፕታይድ ይጨመርበታል። ሁለቱን ፊልም ላይ አስቀምጡ፤ ጨረሩ ባለበት ፊልሙ ይጠቁራል። በሦስተኛው የማይጠፋ ጥቁረት የሪሴፕተር አይደለም። ከዚያ ፊልሙን ከቀለመው ቁራጭ ጋር አስተያዩ፤ ጥቁረቱ የዕጢው ሴሎች ላይ ካላረፈ አትቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ምልክቱ ደብዛዛ ሆነብን።

መልስ፦ መጀመሪያ የቲሹውን ኢንዛይሞች ጠርጥሩ፤ ፔፕታይዱን ይበሉታል። ኢንዛይሞቹን የሚያግድ ባሲትራሲን ጨምሩ። የከብት አልቡሚን ደግሞ ፔፕታይዱ መስታወቱ ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል። ማግኒዚየምም ይኑር፤ ያለሱ አጎኒስት (ሪሴፕተሩን የሚያነቃ ፔፕታይድ) በደንብ አይያያዝም። ፎርማሊን የነካው ቲሹ ግን ለዚህ ዘዴ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ያለው የፓራፊን ብሎክ (በፎርማሊን ታክሞ በሰም የተቀበረ ቲሹ) ብቻ ነው።

መልስ፦ ለኤስኤስቲአር2 (አንዱ የሶማቶስታቲን ሪሴፕተር) በኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ፣ ማለትም በአንቲቦዲ በማቅለም፣ ይሠራል፤ ዩኤምቢ-1 የተባለው አንቲቦዲ ጥሩ ነው። የሴሉ ሽፋን ላይ ያለውን ቀለም ቁጠሩ። ሳይቶፕላዝም ብቻ ከቀለመ አዎንታዊ አትበሉ።

ጥያቄ፦ የሪሴፕተሩን ኤምአርኤንኤ (ከጂኑ የሚገለበጥ መልእክት) ብንለካስ?

መልስ፦ ጂኑ መነበቡን ያሳያል። የሴሉ ሽፋን ላይ ሆርሞኑን የሚይዝ ፕሮቲን መኖሩን አያረጋግጥም።

ጥያቄ፦ የአባቴ የጨጓራ ባዮፕሲ ውጤት አዴኖካርሲኖማ (ከእጢ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ይላል። ኦክትሪዮታይድ ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ኦክትሪዮታይድ ሶማቶስታቲንን የሚመስል መድኃኒት ሲሆን በካንሰር ሕክምና በዋናነት ለኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች ለሚነሳ) ይሰጣል፤ ያ ዕጢ ብዙውን ጊዜ ኤስኤስቲአር2 በብዛት አለው። ተራው አዴኖካርሲኖማ ግን እንዲህ ስላልሆነ መደበኛ ሕክምናው አይደለም። ሐኪማቸውን መድኃኒት ለመምረጥ ስለሚረዱት የዕጢ ምርመራዎች፣ ስለ ሄር2፣ ስለ ኤምኤስአይ እና ስለ ፒዲኤል1 ይጠይቁ። ሄር2ን የሚያጠቃው መድኃኒት ትራስቱዙማብ ሄር2 አዎንታዊ ለሆነ የተሠራጨ የጨጓራ ካንሰር በአሜሪካ ከ2010 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ለአባትዎ ሕክምናውን ሊለውጥ የሚችለው እንዲህ ያለው ምርመራ ነው።