እህቴ ከሳውዲ ታማ መጣች፣ ቤቷንም ሸጠች፤ ሽያጩ ይፈርሳል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። የጻፈልን ወጣት የደብረ ሲና ልጅ ነው። እህቱ ሳውዲ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ዓምና ተመለሰች። በላከችው ብር ደብረ ብርሃን ላይ የተገዛ ቤት በስሟ ነበር። እንደመጣች እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ወሬዋ አያቆምም፣ ወርቋን ለማታውቀው ሰው አውልቃ ሰጠች፣ ቤቱንም በደላላ በኩል በገበያው ግማሽ ዋጋ ሸጠችው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ወሰዷት፤ ኋላ ሆስፒታል ስትታይ ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው ተባለ። አሁን መድኃኒቷን እየወሰደች ደህና ናት። ሽያጩ ይፈርሳል ወይ? አጎቶቻችን ፍርድ ቤት አእምሮዋ የታመመ ነው ብሎ በራሷ እንዳትዋዋልና ንብረቷን እንዳታስተዳድር ይከልክላት እያሉ ነው፣ ይሻላል ወይ? ያሳመማት ስደቱ ስለሆነ የላካትን ኤጀንሲ መክሰስ ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደህ የቤቱ ስም ወደ ገዢው ዞሯል ወይስ አልዞረም ብለህ ጠይቅ። ካልዞረ ዛሬ ነገ ሳትል ክሱን አስከፍተህ እግድ አስወጣ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ለዚህ ነው የተቀመጠው። ገዢው ቤቱን ለሌላ ሰው ካስተላለፈ ነገሩ እጥፍ ድርብ ይሆንብሃል።

ክሱን የምታስከፍት ያልኩህ ወድጄ አይደለም። አንተ በራስህ ስም መክሰስ አትችልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1808 መሠረት ፈቃዷ ጉድለት ያለበት ውል ይፍረስልኝ ማለት የምትችለው ራሷ ናት። ደህና ናት ካልክ ደግሞ ጥሩ፣ ውክልና ትስጥህና ወንድሟ ስለሆንክ ስለ እሷ ትቆማለህ። ከአጎቶችህ ሐሳብ ጋር የማልስማማውም እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አታውቅም፣ ትከልከል ብላችሁ አመልክታችሁ ነገ እሷው የሰጠችህን ውክልና ይዘህ ብትቀርብ የገዢው ጠበቃ ዝም የሚልህ ይመስልሃል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ብዙ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ሲመጣ "ታማሚ ናት" የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣና ያለቀለት ይመስለዋል። አላለቀም። ባይፖላር የሚመጣና የሚሄድ ሕመም ነው፤ ሲነሳ ሰውየው ከሰማይ በታች የማልችለው የለም ይላል፣ ሲወርድ ከአልጋ አይነሳም፣ በመሀል ደግሞ እንደኔና እንዳንተ ሙሉ ሰው ነው፣ ይሠራል፣ ይነግዳል፣ ይፈርማል። ስለዚህ ዳኛው የሚጠይቀው እህትህ ሕመም አለባት ወይ ብሎ ብቻ አይደለም። የፈረመች ቀን እንዴት ነበረች ብሎ ነው። የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 347 የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ሕመሙ በሕግ አነጋገር በግልጽ የታወቀ ካልሆነ፣ ውሉን ስትፈጽም ጉድለት የሌለበት ፈቃድ ለመስጠት በማትችልበት ሁኔታ ላይ እንደነበረች ማስረዳት አለባት።

በግልጽ የታወቀ የሚባለው በአንቀጽ 341 ሰውየው በሕመሙ ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ ባለበት ጊዜ ነው። አንቀጽ 342 ደግሞ ነዋሪው ከ2,000 በታች ለሆነ የገጠር ቀበሌ የሚሆን ነው፤ ቤተሰብ በሕመሙ ምክንያት እየጠበቀው እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ ካደረገው እንደታወቀ ይቆጠራል። መንዝ ወይ መርሐቤቴ ገጠር ውስጥ ቢሆን ኖሮ እሱን እናነሳ ነበር። እህትህ ግን ደብረ ብርሃን ከተማ ላይ ነው የፈረመችው፣ ጸበል የሄደችውም ከዚያ በኋላ ነው። ያለህ መንገድ 347 ነው።

ስለዚህ ቀኑን አስረዳ። የውሉን ቀን ያዝና ከፊቱ አንድ ሳምንት ከኋላው አንድ ሳምንት ያለውን ሁሉ ልቀም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኢሞና በቴሌግራም የላከቻቸው ቮይሶች አሉ? እንዳታጠፋቸው፣ ሰዓቱ ራሱ ይመሰክራል። ወርቁን የተቀበለችው ሴትዮ ትገኛለች? አብራት ያደረች ጎረቤት? ጸበል የወሰዳት ሹፌር? ሐኪሙንም "ባይፖላር አለባት" ብሎ ብቻ እንዳይጽፍላችሁ፤ ስትመጣ ምን ዓይነት ሁኔታ ላይ እንደነበረች፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የተነገረውን፣ ምን መድኃኒት እንደጀመረላት ከካርዱ ላይ ቀን ጠቅሶ ይጻፍ። ሆስፒታሉ እምቢ ካለ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይቀርባል።

በጎን አንቀጽ 1710ን ጨምሩበት። የአንዱን ችግር ወይም የዋህነት ተጠቅሞ የተደረገ፣ ለሌላው ወገን እጅግ የሚያደላ ውል ፍትሕ ካስገደደ ሊፈርስ ይችላል። ግማሽ ዋጋና ያቺን የመሰለች ሻጭ አንድ ላይ ሲታዩ ይናገራሉ። (ደላላው ያን ቀን ምንም አልታየኝም ቢል ብዙም አይድነቅህ፣ ኮሚሽኑን በልቷል።) ደግሞ እወቁት፣ ውሉ ከፈረሰ የተቀበለችው ብር ይመለሳል። ምን ያህል እንደቀረ ካሁኑ ቁጠሩ። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ውሉን የሚያፈርሰው ምክንያት ከተወገደበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፣ አንቀጽ 1810፤ ከዳነች ወራት ስለሄዱ አትዘናጉ።

ክልከላውን በተመለከተ፣ በአንቀጽ 351 መሠረት ፍርድ ቤት ጤናዋና ጥቅሟ የሚፈልግ ከሆነ ይከለክላታል፤ ማመልከት የሚችሉትም ራሷ፣ ባሏ፣ ዘመዶቿና ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ግን ከተከለከለች በኋላ ንብረቷን የሚያስተዳድረው ሌላ ሰው ነው፣ ፊርማዋም ዋጋ ያጣል። መድኃኒት የያዛትን ሴት ለአንድ መጥፎ ወር ብሎ ዕድሜ ልኳን እንደ ሕፃን ማድረግ አይገባኝም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች ስምምነትም አንቀጽ 12 ላይ የሕግ ችሎታቸውን ያከብራል። ስጋት ካላችሁ፣ ስትመክሩ ከሷ ጋር ምከሩ፤ ደህና ሆና ሳለች ለምታምነው ሰው ውክልና ትስጥ፣ የባንክ ሒሳቧንም በጋራ ፊርማ ታድርገው።

ኤጀንሲውስ? "ስደት አሳመማት" ብላችሁ ከጀመራችሁ ይከብዳችኋል። ባይፖላር በቤተሰብ የመተላለፍ ነገር አለው። በስደትና በባይፖላር መሀል ያለው ግንኙነትም በጥናት ገና ያልጠራ ነው፦ በ2007 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሳይካያትሪ ላይ የወጣ አንድ ግምገማ ቀደምት ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያይ በባይፖላር የመያዝ ዕድሉን ስደተኞች ላይ ካልተሰደዱት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ሆኖ አገኘው፤ እንግሊዝ ያሉትን የካሪቢያን ተወላጆች ሲያወጣ ግን ልዩነቱ ተጨባጭነቱን አጣ። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ይህን ማንበብ አያቅተውም። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን እንደሚቀሰቅስ ግን ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል፤ እህትህም ሌሊት እስከ ስንት ሰዓት ትሠራ እንደነበር መናገር ትችላለች። ስለዚህ የምትከሱት በሕመሙ ሳይሆን በውሉ ይሁን፦ ያልተከፈለ ደሞዝ፣ የተያዘ ፓስፖርት፣ ያልተሰጠ ዕረፍት፣ ታማ ሳለ ያልታከመችበት። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲውና አሠሪው በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው፣ ማለትም ሁለቱንም ሆነ አንዱን ብቻ መጠየቅ ይቻላል። ውሉን፣ የሐዋላ ደረሰኞቹን፣ ከማዳሟ ጋር የተጻጻፈችውን አቅርቡ። የሄደችው በኤጀንሲ ሳይሆን በሕገወጥ ደላላ ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ለፖሊስ ታመለክታለች።

የዳኝነት ክፍያ ከፍላ መክሰስ ካቃታት የቀበሌ ማስረጃ ይዛ በነጻ ልክሰስ ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ ፍርድ ቤቱ አቅሟን አጣርቶ ይፈቅዳል። ማመልከቻውንም እሷው ትፈርምበት።