የወላጆች ጥያቄ፦ ሀ ሁን በቃሉ ይወርደዋል፣ ፊደሉን ግን አይለይም

ትናንሽ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ወላጆች ከላኩልን ጥያቄዎች አምስቱን በዚህ እትም መልሰናል። ፊደልን የሚመለከተው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ ስለሚደርሰን ሰፊውን ቦታ ሰጥተነዋል።

«ልጄ አምስት ዓመት ተኩሉ ነው። ዘንድሮ ቤት ውስጥ እያስተማርኩት ነው። ግድግዳ ላይ የሰቀልኩለትን የፊደል ገበታ ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት ይወርደዋል። ከመሀል አንዷን ጠቁሜ ‹ይቺ ማናት?› ስለው ግን ከሀ ጀምሮ እየቆጠረ ካልደረሰባት አያውቃትም። ምን አጥፍቼ ነው?» — እናት፣ ከአራት ኪሎ

ያጠፉት የለም። ልጅዎ የያዘው ዜማውን ነው፣ ዜማ ደግሞ ከመሀሉ አይነሳም። ይህ የዛሬ ችግር አይደለም፤ የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ሀ ሁን የወረደውን ልጅ ወደ አቡጊዳ ማሻገራቸው አንዱ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል ፊደሉም ቤቱም (ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ተራው) በየእርምጃው ስለሚቀየር ልጁ የለመደው ዜማ አያድነውም፤ ማየት ግድ ይሆንበታል።

ገበታውን ለጥቂት ሳምንታት ከግድግዳው ያውርዱት። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ምልክቶች ናቸው፤ ይህን ሁሉ ባንዴ የሚያይ ልጅ አንዱንም አተኩሮ አያይም። በምትኩ ከካርቶን ካርዶች ይቁረጡ። በየጎኑ 8 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ፊደሉ በወፍራም ማርከር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑረው። በካርዱ ግርጌ መስመር ያስምሩ፣ አለዚያ ልጁ ገልብጦ ይዞት «አላውቃትም» ይላል።

ከ‹ሀ› ግን አይጀምሩ። በአማርኛ ሀ እና ሃ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሐ እና ኀም ያንኑ ድምፅ ይዘው ይመጣሉ። ልጁ «ቅርፁ ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል» የሚለውን ገና ሊጨብጥ ሲል የመጀመሪያው ረድፍ ራሱ ያፈርስበታል። እኛ በ፣ ለ እና ተን እንመርጣለን። ሦስቱ አይመሳሰሉም፣ አብዛኛውን ቤታቸውንም በደንብ ይሄዳሉ፦ ካዕብ ሲሆኑ ቀኝ ወገባቸው ላይ ሰረዝ ይወጣል (ቡ፣ ሉ፣ ቱ)፣ ሣልስ ላይ ሰረዙ ወደ እግር ይወርዳል (ቢ፣ ሊ፣ ቲ)፣ ኀምስ ላይ እግሩ ቀለበት ያደርጋል (ቤ፣ ሌ፣ ቴ)። ራብዕ ላይ (ባ፣ ላ፣ ታ) የበና የለ ግራ እግር ያጥራል፤ ተ ያላት አንድ እግር ስለሆነ እሱኑ ታጥፈዋለች። ሳድስና ሳብዕ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የላቸውም። ብ፣ ል፣ ት እና ቦ፣ ሎ፣ ቶ አንድ በአንድ በዓይን የሚያዙ ናቸው። እስከ ኀምስ ፈጥኖ የመጣ ልጅ ሳድስ ላይ ቢንቀራፈፍ ሰነፈ ማለት አይደለም፤ ለእነዚህ ሁለት ቤቶች እጥፍ ቀን ይስጧቸው።

ሦስቱ ፊደላት በሰባት ቤታቸው 21 ካርዶች ናቸው። ከእነሱ ብቻ ቤት፣ ልብ፣ ቢላ፣ ቦታ፣ ቶሎ፣ ትል፣ ሌሊት፣ በላ የሚሉ ቃላት ይነበባሉ። ልጁ ፊደል የንግግር ሥዕል መሆኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፣ «ቤት»ን ራሱ ገጣጥሞ ሲያነብ። ይህ ቀን ቶሎ እንዲመጣ ሁሉንም ፊደል እስኪጨርስ አይጠብቁ። ቀጥለው መ፣ ሰ፣ ነ እና አን ሲያስገቡ ሰላም፣ እናት፣ አባት፣ ላም፣ ሎሚ፣ ምሳ፣ ሳሙና፣ አንበሳ ይከፈቱለታል።

አንዱ ትምህርት ከ10 ደቂቃ አይለፍ፣ በቀን ሁለቴ ይበቃል። በእያንዳንዱ ጊዜ አምስት የሚያውቃቸው ካርዶችና ሦስት አዲስ ካርዶች ይቀላቀሉ። አንዱን ከሳተ ወዲያው ይንገሩትና ካርዱን ከሁለት ካርድ በኋላ መልሰው ያሳዩት። «አስብ! አስብ እንጂ!» ማለት ግምት ያስለምዳል፤ ግምት የለመደ ልጅ ፊደሉን ትቶ የእናቱን ፊት ያነባል።

ሁለት እንቅፋቶችን አስቀድመው ይወቁ። አንደኛው ሰ–ሸ፣ ተ–ቸ፣ ነ–ኘ፣ ከ–ኸ፣ ዘ–ዠ፣ ደ–ጀ፣ ጠ–ጨ ናቸው። በየጥንዱ ሁለተኛዋ ምልክት የጨመረች የመጀመሪያዋ እህት ስለሆነች ጥንዶቹን በአንድ ቀን ማስተማር ያደናግራል። መጀመሪያ ሰን ያጥና፣ ሸ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትምጣ። ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። ጽሕፈታችን አያሳየውም፤ «ገና አልመጣም» የሚለው ገና እና በዓሉ ገና አጻጻፋቸው አንድ ነው። ልጁ ፊደሎቹን በትክክል ጠርቶ ቃሉ ካልገባው አልተሳሳተም ማለት ነው። «እስቲ አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርገህ በለው» ይበሉት፤ ጆሮው ራሱ ያገኘዋል።

ጆሮን ለማሠልጠን እንቆቅልሽ አንደኛ ነው። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ይባባሉና «በ‹ል› የምትጀምር፣ ደረት ውስጥ ሆና የምትመታ» ይበሉት። ካቃተው «አገር ስጠኝ» ነው። ሠፈራችሁ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ከአራት ኪሎ በአምስት ኪሎ አድርጎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ በስሙ ብቻ 4፣ 5፣ 6 ያስቆጥራል፤ የየሱቁን ማስታወቂያ እያዩ የሚያውቃትን ፊደል እንዲያድን ይፍቀዱለት። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ሲገቡ፣ ቤት ውስጥ በልጁ ቁመት ልክ የተቆረጠ ገመድ ይዘው ይሂዱ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ በአገራችን 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። አልዘገዩም።

«የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። የስድስት ዓመቱን ወንድ ልጅ ላስተምር ስቀመጥ የሁለት ዓመቷ እህቱ እርሳሱን ትነጥቃለች፣ ደብተሩ ላይ ትተኛለች። ምን ላድርጋት?» — እናት፣ ከልደታ

አስቀድመው ትንሿን ያጥግቧት። ዕቅፍ አድርገው 10 ደቂቃ ከእሷ ጋር ብቻ ከቆዩ በኋላ የታላቁን ትምህርት ቢጀምሩ ይሻላል፤ ተቃራኒው ብዙ ጊዜ አይሠራም። ንባብና ቁጥር እሷ በምትተኛበት፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። በነቃችበት ሰዓት ሁለቱንም የሚያሳትፍ ሥራ ይስጡ፦ ታላቁ ማንኪያዎችን እየደረደረ ይቁጠር፣ እሷ የታጠቡ ካልሲዎችን ታጣምር። በተጨማሪ የትምህርት ሰዓት ሲደርስ ብቻ የምትወጣ አንዲት ቅርጫት ያዘጋጁላት። የላስቲክ ኩባያ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይበቃል። ቅርጫቷ ቀኑን ሙሉ ክፍት ከሆነች በሦስተኛው ቀን ትሰለቻለች።

ለሁለቱም የሚሆነው ሊጥ ነው። 2 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ የደቀቀ ጨው፣ 2 ኩባያ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ድስት ውስጥ በጥብጠው፣ እሳቱ መካከለኛ ሆኖ ያማስሉት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ከድስቱ ጎን እየተላቀቀ ሲጠቀለል ያውጡትና ሲበርድ ያሹት። ለቀለም እርድ ወይም ውሃውን በቀይ ስር መረቅ መተካት ይቻላል። እጅ ላይ ከተጣበቀ አልበሰለም ማለት ነው፣ ወደ እሳቱ ይመልሱት፤ ከተሰነጣጠቀ ጥቂት ዘይት ነክተው ያሹት። በፌስታል አጥብቀው ካሰሩት ቀናት ይቆያል፤ ሻጋታ ካዩበት ይጣሉት። ታላቁ በሊጡ ፊደል ይሥራበት፣ በተለይ የኀምስን ቀለበት። ለሁለት ዓመቷ ግን ጨው የሌለበትን ለብቻው ያብስሉላት፣ በዚያው ቀን ይጣላል። ይህን ያህል ጨው ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው፣ እሷም መቅመሷ አይቀርም።

ሽምብራ፣ ባቄላና ለውዝ መቁጠሪያ አድርጋችሁ እሷ ባለችበት አታስቀምጡ። በሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅን ሊያንቅ ይችላል። አፍንጫዋ ውስጥ ባቄላ ከገባ በጣትም በወረንጦም አይጎርጉሩት፤ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ በእርጥበትም ያብጣል። ወዲያው ወደ ክሊኒክ ይውሰዷት።

አንድ ያልጠየቁትን እንጨምር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜልና ባልዲ ሞልቶ ማስቀመጥ የየቤታችን ልማድ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ አንፃር ከባድ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ በግንባሯ ከወደቀች ራሷን ማውጣት አትችልም፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል፣ ድምፅም አይሰማም። የተሞላ ዕቃ ሁሉ ክዳን ይኑረው፣ ላይ የሚጫን ከባድ ነገርም ይኑርበት። በረንዳው ላይ ደግሞ ወንበርና በርጩማ ከአጥሩ ይራቁ።

«ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። የግድግዳውን ሰዓት ታነባለች፣ ስልኬ ላይ 14:00 ስታይ ግን ‹14 ሰዓት አለ እንዴ?› ትለኛለች። እንዴት ላስረዳት?» — አባት፣ ከፒያሳ

ስድስት መቀነስን አያስተምሯት፣ ገና ይከብዳታል። ባለ ዘንግ ሰዓት ይጠቀሙ። የትንሹ ዘንግ ጫፍ 7 ላይ ሲሆን ጀርባው የሚያመለክተው 1ን ነው። የፈረንጆቹ 7 የእኛ 1፣ የእነሱ 8 የእኛ 2 ነው፤ ሁልጊዜ ትይዩው ነው። በሳህን ልክ ከካርቶን ክብ ቆርጠው መሀሉን በመርፌ ቁልፍ ይብሱ፤ ዘንጉን ግማሹን ቀይ ግማሹን ሰማያዊ አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ ያድርጉት። ቀዩ ለስልኩ፣ ሰማያዊው ለእኛ። ደቂቃው አንድ ስለሆነ አይነኩትም። ከ12 በላይ ያሉት ቁጥሮች ሲመጡ ከክቡ ውጪ ሁለተኛ ረድፍ ይጻፉ፤ 13ን ከ1 አጠገብ፣ 14ን ከ2 አጠገብ። ቀዩን 14 ላይ ስታደርግ ሰማያዊው 8 ላይ ያርፋል።

ምክንያቱን መስማት የምትወድ ልጅ ከሆነች ይንገሯት፦ አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ የእኛ ቆጠራ ከዚያ ይነሳል።

«ትምህርት ቤቱ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሯት ብሎናል። እኔና ባለቤቴ እንግሊዝኛችን ደካማ ነው። እንከተለው?» — አባት፣ ከካዛንቺስ

አይከተሉት። እርስዎ በእንግሊዝኛ የሚሏት «ነይ፣ ብይ፣ ተኚ» ብቻ ከሆነ ልጅዎ በቀን የምትሰማው ቃል በጣም ያንሳል። በአማርኛ ግን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ሽሮው ለምን እንደገነፈለ ይነግሯታል። ምክንያትና ውጤትን በአንድ ቋንቋ ጠንቅቃ የለመደች ልጅ ሌላውን ስትማር የጎደላት ቃሉ ብቻ ነው። ማታ ማታ አንድ «ተረት ተረት — የመሠረት» ይኑር፣ ጨርሰው መልሳ እንድታወራልዎ ይጠይቋት። ለእንግሊዝኛው ከትምህርት ቤቱ የሳምንቱን ቃላት ዝርዝር ይጠይቁ፣ በቀን 10 ደቂቃ አብረው ያንብቡ። በስልክ ቪዲዮ ትማራለች ብለው ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም እንደሚሻል አስቀምጧል።

«የልጅ ልጄ በግራ እጁ ይጽፋል። ሳይጠና ላስተወው ወይ? ሲበላም በግራው ነው፣ ሰው ፊት አፍራለሁ።» — አያት፣ ከሰንጋ ተራ

እማማ፣ የሚጽፍበትን እጅ ይተዉለት። የሚመራው እጅ ከተፈጥሮው ነው፤ ማሰርና መምታት ጽሕፈቱን ያዘገያል፣ ልጁንም ከደብተር ያስጠላል። የማዕድ ነገር ሌላ ነው። በጋራ ገበታ በቀኝ መጉረስን በፍቅርና በትዕግሥት ማለማመድ ይችላሉ፤ ለመጉረስ የእርሳስ ያህል ጥንቃቄ አያስፈልግም፣ ብዙ ግራኞች ሁለቱን ለይተው ያድራሉ።

ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ እጁ የጻፈውን ይሸፍንበታል፣ ያበላሽበታልም። ደብተሩን የላይኛው ጫፍ ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል አድርገው ያስቀምጡለት፣ ከደረቱ መሀልም ትንሽ ወደ ግራ ይሁን። እርሳሱን ከሹሉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይያዝ፤ እዚያ ላይ ላስቲክ ቢጠመጥሙለት ጣቱ ቦታውን አይስትም። የሚገለብጠው ምሳሌ በግራ ጠርዝ ከተጻፈ ክንዱ ይጋርደዋል፣ ስለዚህ በቀኝ በኩል ይጻፉለት። ከቀኝ እጀኛ ልጅ ጋር ሲቀመጥም በግራው ጫፍ ይሁን፣ አለዚያ ክርናቸው ሲጋጭ ይውላል።