ለእናትዎ የመድኃኒት ፕላን፦ ከወርሃዊ ክፍያው ይልቅ ሊታይ የሚገባው

ውድ ጠያቂ፣ የሰባ አንድ ዓመት እናትዎ ከመደበኛው ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን ከሚሰጠው የጤና መድን) ጋር ለብቻው የተገዛ የመድኃኒት ፕላን፣ ማለትም ፓርት ዲ፣ እንዳላቸው፣ ከኩባንያው የደረሳቸው ወፍራም ደብዳቤ ወርሃዊ ክፍያው በጥቂት ዶላር ብቻ እንደሚጨምር እንደሚገልጽ፣ እርሳቸውም «የለመድኩትን አትንኩብኝ» እንዳሉ፣ አንድ ሰው ደግሞ ስልክ ደውሎ ሌላ ፕላን እንዳቀረበላቸው ጽፈው፣ እንዳለ መተው ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። የወላጆቼንና በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ የአንዳንድ አረጋውያንን ፕላን በየዓመቱ አብሬ ስለምመለከት፣ መልሴ መቀየር ላያስፈልግ ይችላል፣ ሳያዩ መተው ግን አይገባም የሚል ነው።

እናትዎ ምንም ባይቀይሩም ፕላኑ ራሱ በየዓመቱ ይቀየራል። ኩባንያው የሚሸፍናቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር፣ እያንዳንዱ መድኃኒት የሚመደብበትን የዋጋ ደረጃ፣ ቅናሽ የሚያደርግባቸውን ፋርማሲዎችና ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ፕላኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ራሱ የሚከፍለውን ገንዘብ፣ እንደ አዲስ ይወስናል፤ ለውጡንም እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ በደብዳቤ ማሳወቅ ይኖርበታል። ያ ወፍራም ደብዳቤ ይኸው ነው። አንድ ዓመት የአባቴ ፕላን ወርሃዊ ክፍያውን ጭራሽ ቀንሶ መጣ፤ ወደ ውስጥ ገለጥ አድርገን ስናነብ ግን አባቴ ለግላኮማ የሚጠቀሙበት የዓይን ጠብታ ከሁለተኛው ደረጃ ወደ አራተኛው ተዛውሮ ተገኘ። በወርሃዊ ክፍያው የተረፈው ገንዘብ በዚያ በአንድ ጠርሙስ ብቻ ተበልቶ ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከመድኃኒቶቹ ነው። እናትዎ የሚወስዷቸውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩና ስሙን፣ ሚሊግራሙን፣ በወር የሚሰጣቸውን ብዛት ከጠርሙሱ ወረቀት ላይ እንዳለ ይገልብጡ፤ በቃል የሚነገር ዝርዝር አይበቃም። ለስኳር ሕመም የሚሰጠውን ሜትፎርሚን ብንወስድ፣ ቀስ እያለ የሚለቀቀው «ኢአር» የሚባለው ዓይነት ራሱ ከአንድ በላይ አሠራር አለው፤ አንዱ በጥቂት ዶላር ሲገኝ ሌላው በብዙ እጥፍ ይወደዳል። በሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ ካለው የፕላን ማነጻጸሪያ ውስጥ ተመሳሳዩን ስም ሳያስተውሉ ከመረጡ፣ የሚያዩት ሒሳብ የእናትዎ ሒሳብ አይሆንም። ማነጻጸሪያው ዝርዝሩንና የሚጠቀሙባቸውን ፋርማሲዎች ከተቀበለ በኋላ ወርሃዊ ክፍያውንና የመድኃኒቱን ወጪ ደምሮ የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ያሳያል፤ ፕላኖቹን በዚህ ድምር ያስተያዩ። ከአንድ በላይ ፋርማሲ ማስገባትዎንም አይርሱ፤ በአንዱ ፕላን ቅናሽ ያለው ፋርማሲ በሌላው ላይ ተራ ፋርማሲ ይሆንና የዚያው ክኒን ኮፔይ (በእያንዳንዱ ግዢ ከራስ የሚከፈለው ድርሻ) ከፍ ይላል። በየመድኃኒቱ አጠገብ ደግሞ ቅድመ ፈቃድ፣ የመጠን ገደብ፣ ወይም «መጀመሪያ ርካሹን ሞክሩ» የሚል ግዴታ ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ዋጋው ጥሩ ሆኖ ፋርማሲው መስኮት ላይ የሚያስመልሰው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ለ2026 የሚያግዙ ለውጦችም አሉ። በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በፕላኑ ለሚሸፈኑ መድኃኒቶች ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ በዓመት ከ2,100 ዶላር አያልፍም፤ ዲዳክቲብሉም ከ615 ዶላር ሊበልጥ አይችልም፤ የሚሸፈን ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። ብዙ ሰው ጣሪያውን ሰምቶ «እንግዲህ የትኛውም ፕላን አንድ ነው» ይላል፣ ይህ ግን ትክክል አይደለም፤ ወርሃዊው ክፍያ ጣሪያው ውስጥ አይቆጠርም፣ ፕላኑ የማይሸፍነው መድኃኒትም እንዲሁ። መንግሥት ከአምራቾች ጋር ተደራድሮ ዋጋቸውን ያስቀነሳቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር መድኃኒቶችም ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በአዲሱ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ለደም መርጋት የሚሰጠው ኤሊኩዊስ የአንድ ወሩ 231 ዶላር፣ የስኳር መድኃኒቱ ጃኑቪያ 113 ዶላር ሆኗል። እናትዎ ከነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ዲዳክቲብላቸውን ሳይጨርሱ የሚከፍሉት ይቀንሳል።

የእናትዎ ገቢ አነስተኛ ከሆነ ከሁሉ በፊት «ኤክስትራ ሄልፕ» ለሚባለው ድጎማ በሶሻል ሴኩሪቲ በኩል ያመልክቱ። በ2025 ላላገባ ወይም ከትዳር ጓደኛው ጋር ለማይኖር ሰው የዓመት ገቢው ከ23,475 ዶላር፣ ያለው ንብረት ደግሞ ከ17,600 ዶላር በታች መሆን ነበረበት፤ የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። ያገኘ ሰው ዲዳክቲብል የለበትም፣ ለሚሸፈን መድኃኒትም የሚከፍለው ጥቂት ዶላር ነው። ከወገኖቻችን መካከል መብቱ እያላቸው «እርዳታ ነው» ብለው ያፈሩ እናቶችን አውቃለሁ፤ ለዓመታት ሠርተው ግብር የከፈሉበት አገር ነውና የሚያሳፍር ነገር አላየሁበትም።

ስልክ ደውሎ «የጥርስና የመነጽር ነጻ ፕላን» አቀርባለሁ ስላለው ሰው፦ ሳይጠየቅ ደውሎ የሜዲኬር ፕላን መሸጥ ክልክል ነው፤ የሜዲኬር ቁጥራቸውን እንዳይሰጡት። ያ ሰው የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም መደበኛውን ሜዲኬር ተክቶ በግል ኩባንያ የሚሰጥ ፕላን ነው። እናትዎ በመደበኛው ሜዲኬር ላይ ሜዲጋፕ (ሜዲኬር ሳይከፍል የሚያስቀረውን ወጪ የሚሸፍን ተጨማሪ መድን) ካላቸውና እርሱን ትተው ወደዚያ ከሄዱ፣ በኋላ ልመለስ ሲሉ በአብዛኞቹ ግዛቶች ኩባንያው የጤና ታሪካቸውን ጠይቆ እምቢ ሊል ይችላል። ተበሳጭቶ የመድኃኒት ፕላኑን መሰረዝም መዘዝ አለው፤ ተመጣጣኝ ሽፋን ሳይኖር 63 ቀን ካለፈ፣ ተመልሰው ሲገቡ ወርሃዊ ክፍያው ላይ የሚጨመር ቅጣት ይመጣል፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

ወደ አገር ቤት ለወራት የሚሄዱ ከሆነም ከመብረራቸው በፊት የ90 ቀን መድኃኒት እንዲሰጣቸው ሐኪሙንና ፕላኑን ያነጋግሩ፤ አዲስ አበባ ከፋርማሲ የተገዛውን ፓርት ዲ አይከፍልም።

የምዝገባው ጊዜ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው። በ1-800-633-4227 ሲደውሉ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ አይከፈልበትም። ፊት ለፊት የሚያማክር ከፈለጉ በየግዛቱ «ሺፕ» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ፤ በቨርጂኒያ ቪካፕ፣ በካሊፎርኒያ ሂካፕ ይሉታል። በመጨረሻው ሳምንት ወረፋው ስለሚበዛ ከታንክስጊቪንግ በፊት ቢጨርሱት ይመረጣል። አዲስ ፕላን ከመረጡ አሮጌውን ደውሎ መሰረዝ አያስፈልግም፤ አዲሱ ጃንዋሪ 1 ሲጀምር አሮጌው በራሱ ይቋረጣል። የማረጋገጫ ቁጥሩን ጽፈው ይያዙ፣ አዲሱ ካርድ እስኪደርስ ድረስ ፋርማሲው በእርሱና ፕላኑ በሚልከው ደብዳቤ ሊያስተናግዳቸው ይችላል።