በየቀኑ መቶ ሜትር እየሮጥኩ ማይሌ ለምን አልፈጠነም?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ 23 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ማይል በ5 ደቂቃ ከ20 እንደሚሮጥ እየነገረኝ ያበሽቀኛል። እኔ 5 ከ40 ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው አስር ጊዜ መቶ ሜትር ባለ በሌለ ኃይሌ ሮጥኩ፣ ሰዓቴ ግን ንቅንቅ አላለም። ጭራሽ ቋንጃዬን ያዘኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ቋንጃህ እስኪለቅህ እረፍ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ ውርጩ ገና ከሳሩ ላይ ሳይነሳ፣ ሳታሟሙቅ እየተፈተለክ ሁለት ወር መቆየትህም ተመስገን ነው።

ማይል 1,609 ሜትር ነው፣ በትራክ አራት ዙርና ትንሽ። አብዛኛው ጉልበት የሚመጣው ከምትስበው አየር ነው። መቶ ሜትር ግን ትንፋሽህ ገና ሳይፈተን ያልቃል። ማይል ሯጭ የሚወድቀው ሦስተኛው ዙር ላይ ነው፣ አንተ ደግሞ እሷን ዙር አንድም ቀን አልተለማመድካትም።

5 ከ20 ማለት እያንዳንዱ 400 ሜትር በ80 ሰከንድ፣ እንዲያውም ትንሽ ፈጠን ብሎ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት፣ 15 ደቂቃ ሶምሶማ ሮጠህ ሰውነትህ ሲሞቅ 400ውን በ80 ሩጥ፣ ከዚያ 3 ደቂቃ በዝግታ እየተንቀሳቀስክ ትንፋሽህን ሰብስብና ድገም። በስድስት ጀምር። የመጀመሪያውን በ72 በርረህ የመጨረሻውን በ90 ከጎተትክ ልምምድ ሳይሆን ቅጣት ነው የሠራኸው። ስድስቱም እኩል ሲመጡ ስምንት አድርጋቸው፣ ቀጥሎ እረፍቱን ቀንስ። ትራክ ካላገኘህ ደልዳላ ሜዳ ላይ 200 ሜትር በሜትር ለክተህ ድንጋይ አኑር፣ እሱን በ40 ሰከንድ ሩጥ። በሌሎቹ ቀናት ጓደኛህን እያወራህ የምትሮጠው ቀስ ያለ ሩጫ ይበቃል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ናት፣ ስለዚህ 3 ደቂቃ ማረፍ ስንፍና አይደለም። የአጎትህ ልጅ ቆላ ከተማ ውስጥ የሚሮጥ ከሆነ፣ ከ20 ሰከንዱ ላይ ጥቂቱ የእሱ ጉብዝና ሳይሆን የአየሩ ነው፣ ይህን ንገርልኝ።

ዕረፍት ካስፈራህ ደግሞ ሮጀር ባኒስተርን አስታውስ። ልምምዱ አስር ጊዜ 400 ሜትር ገደማ ነበር፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ እያረፈ። አንድ ሰሞን 61 ሰከንድ ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ሩጫውን ትቶ ከጓደኛው ጋር ስኮትላንድ ተራራ ሲወጣ ሰነበተ፣ ሲመለስ በ59 ሮጠ። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1954፣ ማይልን በ3:59.4 ጨርሶ ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ሲሻልህ የስድስቱንም ሰዓት ጽፈህ ላክልኝ። ስድስተኛዋን እንዳትደብቀኝ።