መልስ፦ ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ይጠራል?

"አሜሪካ ለሕክምና ትምህርት ቀድሜ አመልክቼ፣ ጓደኛዬ እንዴት ቀድማኝ ለኢንተርቪው ተጠራች?" ላልከው፦ ጥሪው በመጣህበት ተራ ብቻ አይሄድም።

እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚያዩት እየደረሳቸው ነው። ስለዚህ መቅደም ይጠቅማል። ግን ቁም ነገሩ ፋይልህ የተሟላበት ቀን ነው። አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ከጎደለ፣ በመጀመሪያው ቀን ብትልክም ፋይሉ ቁጭ ይላል።

ቀጥሎ ውጤት አለ፦ የዩኒቨርሲቲ አማካይ ነጥብና ኤምካት የሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና (ጣሪያው 528)። ብዙዎቹ በዚህ ያጣራሉ።

ነገሩ የሚወሳሰበው ከዚያ በኋላ ነው። የስቴት ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ ለነዋሪው ያደላል፤ የሌላ ስቴት ልጅ አሪፍ ውጤት ይዞም ሊዘለል ይችላል። ምርምር ላይ ያተኮረው ላብራቶሪ የሠራ ሰው ይፈልጋል። ለገጠር ሐኪም የሚያሠለጥነው ደግሞ ገጠር ያደገውን ያያል። ጓደኛህ የዚያ ስቴት ነዋሪ ናት? ከሆነች ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ዝም አሉ ማለት ጣሉህ ማለት አይደለም። "ቆይተን እንየው" የተባሉት ጋ ልትሆን ትችላለህ። አዲስ ነገር ካለህና የሚቀበሉ ከሆነ አጭር ደብዳቤ ላክ። በየሳምንቱ እየደወልክ ግን አታድርቃቸው።